የዕድራችን ድንኳንና የጠፈር ወደቡ

አዳማ ስብሰባ የምታመርት ከተማ ናት። ሌላው አገር ጤፍ ወይም ቆዳ ለገበያ ያወጣል፤ እኛ ዘንድ ግን በየሆቴሉ አዳራሽ የውይይት መድረክ ይዘራል፣ የአቋም መግለጫ ይታጨዳል፣ አበሉም ከምሳ በኋላ ይታፈሳል። ስለዚህ በክልላችን የጠፈር ወደብ ሊገነባ መሆኑን የሰማሁት፣ እንደ ሌላው ጉዳይ ሁሉ፣ የታሸገ ውኃና ከረሜላ በተደረደረበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጬ ነው። የተጠራሁት ለረጅም ዘመን ጂኦሎጂ ያስተማርኩ ጡረተኛ በመሆኔ ነበር።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ሥርዓት የተማረ፣ ከረቫቱን በየጊዜው የሚያስተካክል ጎልማሳ ነው። ለምድር ወገብ ያለንን ቅርበት፣ የሰማያችንን ጥራት፣ ሳተላይት ለማስወንጨፍ ተራ የሚጠብቁትን የውጭ ኩባንያዎች አስረዳን። መንግሥት መሬት ይሰጣል፤ መንገድ ይዘረጋል፤ ግብር ያነሳል፤ በአጠቃላይም ድጋፍ ያደርጋል። ወደ መልካሳ መውጫ ያለው ሜዳ፣ ገበሬው፣ ፍየሉና የሽንኩርት ማሳው ተረስተው፣ በግድግዳው ላይ በበራው ካርታ «ክፍት ቦታ» ተብሎ በአረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ታየን። አንድ ተሳታፊ እጁን አውጥቶ ይህ ነገር አይበዛብንም ወይ ቢል፣ አስተባባሪው ፈገግ ብሎ፣

«ሞጆ ባሕር ሳይኖራት ወደብ ሆናለች» አለ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ የሚቃወም ቢገኝ ሞጆን የተቃወመ ይመስል ነበር።

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «ፕሮፌሰር፣ እርስዎስ ስለ መሬቱ ምን ይላሉ?»

ፕሮፌሰር ሆኜ አላውቅም። ስለ መሬቱ ግን የምለው ነበረኝ፤ ስምጥ ሸለቆ ማለት ምድር ሳትቸኩል የምትሰነጠቅበት ስፍራ መሆኑን፣ ከከባድ ዝናብ ማግስት አፈሩ ተከፍቶ አጥር የሚውጥበት ጊዜ እንዳለ መናገር እችል ነበር። «መሬቱ ጥናት ይፈልጋል» አልኩ። ጥናት የሚለው ቃል ማንንም አያስቀይምም፤ ቃለ ጉባኤ ያዡም በደስታ ጻፈው። ከአንድ በላይ መንግሥት ያየ ሰው እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮችን በኪሱ ይዞ ይዞራል።

ማታውን ነገሩን አጥር ለሚጋራኝ ጎረቤቴ አጫወትኩት። በምድር ባቡር ሥራ ያረጀ፣ ባቡሩ ከቆመም በኋላ ሰዓቱን በባቡሩ መምጫና መሄጃ የሚቆጥር ሰው ነበር። እስኪያስለው ሳቀ።

«ውኃው ልጄ ቤት ሁለተኛ ፎቅ መውጣት አቅቶታል» አለኝ። «እስቲ መጀመሪያ እሱን ይተኩሱልን።»

ብዙም ሳይቆይ ለሠፈራችን ዕድር ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ መጣ። የዕድሩ ዳኛ እኔ ነኝ፤ የተመረጥኩትም በጥበቤ ሳይሆን ንግግር ስለማላበዛ ነው። ደብዳቤው ለጠፈር ወደቡ የመሠረት ድንጋይ ማስቀመጫ በዓል የድንኳን ግዥ በሂደት ላይ በመሆኑ፣ የዕድራችን ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች በትብብር እንዲሰጡ ይጠይቃል። በሌላ አነጋገር መንግሥት ለወደቡ ድጋፍ ያደርጋል፤ ድጋፉን የምንደግፈው ደግሞ እኛ ሆነን ተገኘን።

አባላቱን ሰበሰብኩ። የዕቃ ቤት ኃላፊያችን በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ፣ ድንኳኑን ከሚስቱ እኩል የሚጠብቅ ሰው ነው። ቀድሞ ተነሣ።

«ይህ ድንኳን የለቅሶ ነው። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሚኒስትር ግን ይሰጣል። እንግዲህ ቀጠሮ ያለው ይጠብቅ። ደግሞስ ጣሪያው ክረምት በነፋስ ተቀዶ ሳይሰፋ ቀርቷል፤ በቀዳዳ እንግዳ ልንቀበል ነው?»

ጎረቤቴ ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ «ስጧቸው እባካችሁ» አለ። «ፕሮጀክት እንደሆነ መሞቱ አይቀርም፤ ድንኳኑ እዚያው ይጠቅማቸዋል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ጥያቄውም በሳቁ ውስጥ ጸደቀ። እኔም እንደ ልማዴ ፈረምኩ።

በበዓሉ ዕለት ማለዳ የዕቃ ቤት ኃላፊው በሬን አንኳኳ። ዘወትር ሲያገኘኝ «አካም ቡልተን» ሳይለኝ አያልፍም፤ ያን ቀን ግን ሰላምታ አልሰጠኝም፤ ባርኔጣውን አውልቆ አጥሩን ብቻ አሳየኝ። ጎረቤቴ በእንቅልፉ ሄዷል። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቆረጠ። ጥሩምባ ነፊው በየቅያሱ መዞር ጀምሯል፤ ድንኳኑ ግን ከትናንት ጀምሮ በመልካሳ ሜዳ ላይ ተተክሎ ሚኒስትር ይጠብቃል።

ወደ ሟቹ ግቢ ስገባ ባለቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎረቤቶች በጠባቡ የግድግዳ ጥላ ሥር ተጣብቀዋል፤ ፀሐይዋም ጥላውን ከሥራቸው እየሳበች ነው።

«ጋሼ፣ እሱ የቀበራችሁትን ሁሉ በዚያ ድንኳን ሥር ተቀምጦ ነው የቀበረው» አሉኝ። «አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። የእሱን ለቅሶ ሜዳ ላይ ታደርጉብኛላችሁ?»

ለዚህ በኪሴ የያዝኩት ዓረፍተ ነገር አልነበረም። «መጣሁ» ብያቸው ወጣሁ። የዕቃ ቤት ኃላፊው አይሱዙ ከነሹፌሩ ለምኖ አመጣ፤ ከሠፈሩ ጎልማሶችም ጥቂቶቹ ከኋላ ተሳፈሩ።

ሜዳው ላይ ነፋሱ አቧራውን ያንከባልላል። ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ የመሠረት ድንጋዩ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ቆሟል። ድንኳናችን ነጭ ጨርቅ ለብሶ መለየት አቃተኝ። የጣሪያውን ቀዳዳ፣ ፀሐይ የክብር እንግዶቹ ራስ ላይ እንዳታርፍ፣ ሮኬት በተሣለበት ትልቅ ባነር ከውስጥ በኩል ሰፍተው ደፍነውታል።

አስተባባሪው እጁን ዘርግቶ መጣ። «ፕሮፌሰር፣ እንኳን በሰላም መጡ። የእርስዎ መቀመጫ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው።»

«ድንኳኑን ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኩት፤ ምክንያቱንም ነገርኩት።

«ነፍስ ይማር» አለ፤ ከረቫቱን አስተካከለ። «ግን እንግዶቹ ሞጆን አልፈዋል። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት አይደል? እኛ እስከ ስድስት ሰዓት እንጨርሳለን።»

«ለቀስተኛው ለዘጠኝ ሰዓት አይደለም የሚመጣው፤ አሁን ነው» አለ የዕቃ ቤት ኃላፊው። «ከሁሩታ የተነሡት ዘመዶቹ መንገድ ላይ ናቸው። ፀሐይ ላይ እንዘርጋቸው፣ እንደ በርበሬ?»

«ይገባኛል ወንድሜ። ሆኖም የበላይ አካል ሳላማክር…»

«ልጄ» አልኩት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ያንተ ድንጋይ ነገም ድንጋይ ነው። የእኔ ጎረቤት ግን ዛሬ ይቀበራል። ደንባችን ይህ ድንኳን ሟች ሲኖር ሌላ ባለቤት የለውም ይላል። ሌላም ልንገርህ፤ ያን ዕለት ስለ መሬቱ ጠይቀኸኝ አልመለስኩልህም። ይህ ሜዳ ይሰነጠቃል። ፍየል ጠባቂ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም ሳስተምረው ነው የኖርኩት። ወደብህን ከመትከልህ በፊት የሚያጠናልህን ፈልግ። አሁን ግን ካስማውን እንነቅላለን።»

ዙሪያውን ቃኘ፤ የሰማ ሰው መኖር አለመኖሩን ማረጋገጡ ነበር። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስለ መሬቱ ያሉት… በቃለ ጉባኤ ላይ ባይገባስ?» አለኝ።

«ቃለ ጉባኤ የሚይዝ የለም» አልኩት።

«እኔም የዕድር አባል ነኝ፤ እናቴ ይህን ብትሰማ በአንድ ገበታ አታስቀምጠኝም» አለና ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ አኖረው፤ አንዱን ካስማ ራሱ ይዞ ይነቀንቀው ጀመር። የለመነን ነገር ቢኖር ቀዩን ምንጣፍ እንዳንረግጥበት ብቻ ነው። ባነሩን ለመፍታት ጊዜ አልነበረም፤ ከነሮኬቱ ጠቅልለን ጫንነው። ወንበሮቹንም ከነነጭ ልብሳቸው ደረደርን። ወደ ከተማ ስንመለስ ጥቁር መስታወት ያላቸው መኪኖች በተርታ በጎናችን አለፉ፤ የዕቃ ቤት ኃላፊው፣ ከሹፌርነቱ ዘመን በቀረ ልማድ፣ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ መንገድ ሰጣቸው።

በዓሉ በፀሐይና በአቧራ መካከል መደረጉን በኋላ ሰማሁ። የክብር እንግዳው ረጅሙን ንግግር አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ድንጋዩም ቶሎ ተገለጠ። እንዲህ ያለ አጭር በዓል በአካባቢያችን ታይቶ እንደማያውቅ የታዘቡ ሁሉ ይመሰክራሉ፤ ለጠፈር ወደቡ የማይናቅ አስተዋጽኦ ያደረግን ይመስለኛል። ዜናው ግን ነዋሪው ድጋፉን በነቂስ ወጥቶ መግለጡን ተናገረ። የሠፈራችን ነዋሪ በነቂስ የወጣው ለቀብር ነበር።

የሁሩታ ዘመዶች ሲደርሱ ድንኳኑ በሟቹ ደጃፍ ቆሟል። ወንዶቹ ነጭ በለበሱት ወንበሮች ላይ ግራ እየተጋቡ ተቀመጡ፤ አንድ ሽማግሌ ጨርቁን በጣታቸው ዳሰው፣ «ዕድራችሁ ሀብታም ነው» አሉኝ። የሟቹ ባለቤት በዘመዶቻቸው ተደግፈው ገቡና መሐል ላይ ተቀመጡ። አልቅሰው ትንፋሽ ሲያጡ ቀና አሉ። ሸራው ሲወጠር ላይና ታቹ ተዛውሮ ኖሮ፣ ከራሳቸው በላይ ያለው ሮኬት አፍንጫውን ወደ መሬት አድርጓል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

የዕቃ ቤት ኃላፊው ጎንበስ አለ። «ሮኬት ነው፣ እትዬ። የመንግሥት ሰዎች ቀዳዳውን ደፍነውበት ነው። ካስከፋዎ አሁኑኑ ቀድጄ አወርደዋለሁ።»

ሮኬቱን ትንሽ ተመለከቱት። ከዚያም በባነሩ ጥላ ሥር የተቀመጡትን የሁሩታ ሽማግሌዎች አዩ።

«ተወው» አሉት። «ከወረደ ፀሐይ ይገባል።»