ጉድጓዱ ውስጥ የተቀረጸው ድምፅ

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ስለ ውኃ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ ፊልም ነው። ልጅ ሳለሁ ደራ ገበያ አጠገብ አንድ መኪና እየመጣ፣ የእህል መጋዘን ግድግዳ ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሮ ፊልም ያሳየን ነበር። አንዱ ፊልም ጥርሳችሁን ስትቦርሹ ቧንቧውን ዝጉ ይላል። የደራ ሰው ያኔ ውኃ የሚገዛው ከአህያ ጋሪ ነው። «መጀመሪያ ክፈቱልንና እንዘጋዋለን!» ብሎ አንድ ሰው ጮኸ፤ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ቧንቧ የሚኖረኝ ቀን እዘጋዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

አሁን የምኖረው አዳማ ነው። ብረት በያጅ ነኝ። በርና መስኮት እሠራለሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን የሚፈለገው የሮቶ ማቆሚያ ነው፤ ምክንያቱም በሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲመጣ ያላጠራቀመ ሰው እስኪመለስ ድረስ ቢጫ ጄሪካን ይዞ ሲዞር ይከርማል። ከሥራ ስመለስ ስልኬ ላይ የማየው ስለ ውኃ የሚያስተምር ቪዲዮ ነው። ሚስቴ «ሌላው ሰው ኳስ ያያል፣ አንተ ሲሚንቶ ሲቦካ ታያለህ» ትለኛለች። ትበል። ጓሮዬ ውስጥ ያለውን የውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ የሠራሁት ከእነዚያ ቪዲዮዎች ተምሬ ነው። ጥልቅ አድርጌ ቆፈርኩት፣ ውስጡን በሲሚንቶ ለሰንኩት። የጣሪያው ዝናብ በአሸንዳ፣ የቧንቧው ውኃ በጎማ ይገባበታል። ልጅ እንዳይወድቅበት፣ የአዳማ አቧራም እንዳይሞላበት ብዬ አፉን ጠባብ አደረግኩት፤ ከባድ የብረት ክዳንም በየድኩለት። ፊልሞቹ ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ያላሉኝን ግን አላውቅም ነበር።

በቤቴ ሁለት ሕግ አለ። አንዲት ጠብታ ውኃ በከንቱ አትፈስም። ሥራ ሳያልቅ አይቀመጥም። ልጄ እነዚህን ሁለት ነገሮች የሰማችው በእኔ ድምፅ ነው፤ ድምፄ ደግሞ ለስላሳ አይደለም። ልጅ በልመና አያድግም ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል እያለች የትምህርት ቤቷ የውኃና የአካባቢ ክበብ አባላቱን ስለ ውኃ ቁጠባ አጭር ቪዲዮ እንዲሠሩ አዘዛቸው። እሷ የእኛን ጉድጓድ መረጠች። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን አላሳየሁም። «ውሸት የሌለበት ከሆነ ይሁን» አልኳት። ክረምት ከመግባቱ በፊት ጉድጓዱ መታጠብ ስላለበት የእጥበቱን ቀን ለቀረጻው አደረግነው። በማግስቱ የእኛ የውኃ ፈረቃ ነው። ጉድጓዱ በዚያን ቀን ካልጸዳ ንጹሑ ውኃ በጭቃ ላይ ሊመጣ ነው፤ ስለዚህ ሁላችንም እንቸኩላለን።

አራት ሰው ነበርን፣ ልጄን ሳልቆጥር። ሚስቴ፣ የልጄ የክፍል ጓደኛ፣ የጓሮ ክፍላችንን የተከራየው የባጃጅ ሹፌርና እኔ። ሹፌሩ የውኃ መሳቢያ ሞተር ከዘመዱ ተውሶ አመጣልን። በቤንዚን የሚሠራ ነው። ከላይ ሆነን አስነሣነው፤ ብዙውን ውኃ ወደ በርሜሎቹ ሳበው። ከሥር ያለው ሲቀር ግን ጎማው አየር መሳብ ጀመረ። ጎማው አጭር ነበር።

«ጋሼ፣ ይብቃ። የቀረው ጭቃ ነው፣ በባልዲ አውጥተን እንድፋው» አለ ሹፌሩ።

«ጭቃም ቢሆን የጓሮው ፓፓያዎች ይጠጡታል። ልጆቹ ፊት ውኃ አልደፋም» አልኩት።

የልጄ ጓደኛ ሳቀች። «አባትሽ ስክሪፕት አያስፈልጋቸውም። ዝም ብለሽ ቅረጪያቸው» አለቻት።

ስለዚህ ሞተሩን በገመድ አስረን ወደ ጉድጓዱ አወረድነው፤ ከመሰላሉ ጎን ባለች የሲሚንቶ እርከን ላይ ተቀመጠ። አሁን ሳስበው ያመኛል። በር ተዘግቶበት መኪና የሚያሞቅ ሰው እንደሚሞት አውቅ ነበር። ግን ክዳኑ ክፍት ነው፣ ከላይ ሰማይ ይታያል። ሰማይ እየታየ አየር ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም። በእኛ ሰፈር ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ውኃ የሚስብ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ያየሁትን አደረግኩ።

ልጄ ከታች ሆና መናገር ፈለገች። ከጉድጓዱ ሥር ወደ ላይ ሲታይ ብርሃኑ ያምራል አለች። እኔ ልግባ ብል፣ ፊልሙ የእሷ ነው። ስልኳ ከላይ ጀምሮ እየቀረጸ ሳለ ወገቧን በገመድ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ።

«አባዬ፣ እንደ ጥጃ አስረኸኝ ማን ቁም ነገሬን ይሰማኛል?»

«ጥጃ ጉድጓድ አይገባም። ውረጂ።»

ወረደች። ሞተሩ ከእርከኑ ላይ ሲያጓራ ድምፁ በሲሚንቶው ግድግዳ እየተመለሰ ይጮኻል። ስልኳን ወደ ፊቷ አድርጋ መናገር ጀመረች። «ይህ የእኛ ቤት የውኃ ማጠራቀሚያ ነው። አባቴ ነው የሠራው። እዚህ አንዲት ጠብታ አትደፋም…» እኔ ከላይ ገመዱን ይዤ እሰማለሁ። ኩራት ተሰምቶኛል። ገመዱ እጄ ላይ መላላቱን አላስተዋልኩም። ለካ ምስሉ ውስጥ እንዳይገባባት ከወገቧ አውልቃ መሰላሉ ላይ ሰቅላዋለች።

ጥቂት ተናግራ ዝም አለች። እንደገና «ይህ የእኛ ቤት…» አለች፤ እንደገና ዝም።

«ረሳሽው እንዴ? ሌሊቱን ሙሉ ስትሸመድጂ አድረሽ!» አለች ጓደኛዋ።

«ራሴን» አለች ልጄ። ድምፅዋ የተኛ ሰው ድምፅ ነበር። «ራሴን አመመኝ።»

«ነይ ውጪ» አልኳት። መልስ የለም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከታች ጭቃማው ውኃ ላይ ቁጭ ብላለች። ቤቴ ውስጥ ሥራ ሳያልቅ ተቀምጣ የማታውቅ ልጅ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ስልኩ እርከኑ ላይ ወድቆ መብራቱ ይታያል። 

እግሬን ወደ ጉድጓዱ ከተትኩ። ሹፌሩ ከኋላ በሸሚዜ አንገት ያዘኝ። «ሂን ሴኒን! አይግቡ ጋሼ!» በኦሮምኛም በአማርኛም በአንድ አፍ ጮኸ። «ጢሱ ነው! እርስዎም ከወደቁ ማን ያወጣችኋል?» ልመታው እጄን አንሥቻለሁ። እሱ ግን ለቀቀኝና የሞተሩን ገመድ መሳብ ጀመረ። ሞተሩ እያጓራ፣ ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ወጣ፤ ሹፌሩ አጠፋው። ያለኝ ገብቶኝ እግሬን ከጉድጓዱ አወጣሁ።

በሆዴ ተኝቼ ራሴን ወደ ጉድጓዱ አስገባሁ። የቤንዚን ሽታ ይሞቃል። «ልጄ» አልኩ። «የኔ እናት፣ እባክሽ። እባክሽ ተነሺልኝ። ገመዱ አጠገብሽ ነው። እባክሽ፣ ስለ እግዚአብሔር።» ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ ክፍት ናቸው። ፈገግ አለች መሰለኝ፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች። ደግሜ ለመንኳት። አልቅሼ ለመንኳት። አልተንቀሳቀሰችም።

ሚስቴ ጎኔ ተንበርክካ ነበር። ትከሻዬን በጡጫ መታችኝ።

«አትለምናት! እዘዛት! እንደ ልማድህ ቆጣ በል!»

እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም። «ተነሺ!» አልኩ። «ማን ተቀመጪ አለሽ? ሥራው አልቋል? ቁሚ!»

እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቆመች። ሚስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ገመዱን ያዢ! በራስሽ አሳልፊው! በብብትሽ ሥር! እጅሽን አውጪ! ሁለቱንም!»

እንደ ሕፃን እየተንገዳገደች ያልኳትን ሁሉ አደረገች። አንድ ጊዜ ወድቃ በጉልበቷ ቆመች፤ እንደገና ጮኽኩባት፤ እንደገና ተነሣች። ገመዱ ከብብቷ ሥር ሲገባ ሹፌሩና እኔ ሳብን። የሠራሁት ጠባብ አፍ ትከሻዋን ላጠው። ሳሩ ላይ ስናስተኛት ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር፤ ከዚያ አስመለሳት። ያ ማስመለስ በሕይወቴ ካየሁት ነገር ሁሉ ደስ ያለኝ ነው።

ሹፌሩ ባጃጁን አስነሥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደን። መንገዱ በጋሪና በሚኒባስ ተጨናንቋል። ጭንቅላቷ ደረቴ ላይ ነው፤ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር «አትተኚ!» እያልኩ እጮኻለሁ። ሰው ዞሮ ያየናል። ልጁን የሚቆጣ አባት ነው የመሰልኳቸው። ኦክስጅን አደረጉላት፤ ከሰዓታት በኋላ ስሟን ስትጠየቅ በትክክል መለሰች። ያከማት ባለሙያ እኔም ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልገባሁም ስለው ራሱን ነቀነቀ። «ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው ነው የሚመጡልን» አለኝ።

ጉድጓዱን ከፍተን አናፍሰን፣ ስልኩን በረጅም ሽቦ አወጣነው። ባትሪው አልቆ ነበር። ቻርጅ ስናደርገው ቪዲዮው ሳይጠፋ ተገኘ። የክበቡ መምህር መጀመሪያው ብቻ ይቆረጥና ይቅረብ፣ የቀረው ልጆችን ያስፈራል አሉ። ልጄ መጀመሪያ ሙሉውን ልስማው አለች። ትከሻዋ ላይ ፋሻ እንዳለ ሳሎን ተቀምጠን ሦስታችን ሰማነው።

ስልኩ ከወደቀ በኋላ ምስል የለውም፤ ጨለማ ነው። ሞተሩ ይጮኻል። ከዚያ ጸጥ ይላል። ከዚያ አንድ ሰው ያለቅሳል። «እባክሽ ተነሺልኝ» ይላል፤ ድምፁ የተሰነጠቀ፣ ቀጭን፣ የማላውቀው።

«ሹፌሩ ነው?» አልኩ።

ልጄ ስልኩን አቆመችው። «አንተ ነህ አባዬ።»

«እኔ እንዲህ አልናገርም።»

«እኔም እዚያ ሆኜ አንተ አልመሰልከኝም። ጎረቤት ነው ያልኩት። ሰው ይለምነኛል፣ ደክሞኛል፣ አባዬ ሲመጣ እነሣለሁ ብዬ ቁጭ አልኩ።»

ሚስቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ቁጣዬ አዳናት ብለው የሚያመሰግኑኝ ሰዎች አሉ፤ እውነት ነው፣ አድኗታል። ግን እስካሁን የሚያስፈራኝ ጉድጓዱ ብቻ አይደለም። ልጄ በሕይወቷ ሁሉ ልመናዬን ሰምታ ስለማታውቅ፣ ስለምናት አላወቀችኝም። ያን ቀን ቁጣው እንቢ ቢለኝስ? ልመናው ብቻ ቢቀረኝስ? አባቷ እስኪመጣ እየጠበቀች፣ አባቷ ከላይ እያለቀሰላት፣ እዚያው ትቀር ነበር።

ፊልሙ ሙሉውን ቀረበ። እሷ ወሰነች፤ መምህሩንም እሷ አሳመነች። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ድምፄን ሰማሁ። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ በጥጃው ነገር ሳቁ፤ በኋላ ማንም አልሳቀም። መጨረሻ ላይ እሷ ራሷ ቆማ ተናገረች፦ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አይገባም፤ ጎማ ካነሰ ጎማ ይቀጠላል፤ የወደቀ ሰው ካያችሁ ዘላችሁ አትግቡ፤ ለአንዲት ባልዲ ጭቃ ሰው አይሰጥም። የመጨረሻውን ስትናገር አላየችኝም። እኔን እንደሆነ ግን አውቄአለሁ፤ ትክክልም ነበረች። ይህን የሚያነብ፣ ጓሮው ጉድጓድ ያለው አባት ካለ፣ የልጄን ቃል የእኔ ቃል አድርጎ ይውሰደው።

ውኃ አሁንም አልደፋም። ሥራ ሳያልቅ አይቀመጥም ማለቱን ግን ትቼዋለሁ። አሁን ደግሞ በየቀኑ አንድ ነገር እለማመዳለሁ። ለምጄው ስለማላውቅ አፌ ላይ ይከብደኛል። ትናንት ራት ላይ «እባክሽ፣ ጨው አቀብዪኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ፤ በር ላይ ሰው የመጣ መስሏት ዞር አለች። ማንም የለም። ከዚያ ጨውን አቀበለችኝ።

ነገም እላታለሁ። ዞር ማለቷን እስክትተው ድረስ እላታለሁ።