ያላነሣሁት የድስት ማስታወቂያ

ሰው ጣቱን አጥፎ ሸክላ ሲያንኳኳ ከሰማሁ እግሬ ይቆማል። ትናንት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ገበያው ጫፍ ላይ፣ አንዲት ሴት ድስት አንሥታ በጣቷ አንጓ ሁለት ጊዜ መታ መታ ስታደርገው ሰማሁና ሽንኩርት መምረጤን ትቼ ዞርኩ። ጥን፣ ጥን። ጤነኛ ድስት ነበር። ሴትየዋ ግን መልሳ አስቀመጠችው። ምን አገባኝ ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ፤ ድምፁ እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ማስታወቂያ መጻፍ ከየት ተማርሽ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ያን ቀን ቸኩዬ ነበር፤ ዛሬ ልንገርሽ። እንደምታውቂው ለማር ነጋዴው፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለዶሮ አርቢው፣ በየስልኩ ገበያ ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ሰው ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩት ይመስለዋል። ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ እናቴ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ይህን ስናገር ድምፄን ዝቅ የማደርግበት ጊዜ ነበር፤ አልፏል። በእኛ በጋይንት ድስታችንን ገዝተው ወጥ ይሠሩበታል፣ ከእኛ ጋር ግን አንድ መሶብ አይቀርቡም። ጠይብ ይሉናል። ዓይናችሁ ሰው ይበላል ይሉናል። አርብ ገበያ ላይ እናቴ የምትቀመጠው ከሁሉም በታች፣ አህያ ከሚታሰርበት ቦታ አጠገብ ነበር። እዚያ ተቀመጪ ያላት ሰው የለም፤ ከዚያ ሌላ ቦታም አልነበራትም። የልጅነቴ አርብ ሲታወሰኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የአህያ ሽንትና ድስቶቻችን የሚታሸጉበት የገብስ ገለባ ሽታ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር። አጎቴ የሰጠኝ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነበረኝ፤ ኔትወርክ የሚይዘው ከቤታችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ ስወጣ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት እዚያ ተቀምጬ የቤት ዕቃ የሚሸጥበትን ቻናል ስመለከት የእናቴን ድስት አየሁት። እንዴት አወቅሽው እንዳትይኝ። እናቴ ድስቱን በድንጋይ አሽታ ካለሰለሰች በኋላ፣ ከአፉ ሥር አውራ ጣቷን አንዴ ጫን ታደርግበታለች፤ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ምልክት ይቀራል። ለምንድን ነው ብዬ በልጅነቴ ስጠይቃት፣ «ድስቷን ጨርሸሻለሁ ልላት ነዋ» ብላኝ ነበር። ፎቶው ላይ ያ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሥሩ ግን «በከተማ ባለሙያዎች የተሠራ» ተብሎ ተጽፏል።

የለጠፈችው ንፋስ መውጫ ሱቅ ያላት ነጋዴ ናት። የእናቴን ሥራ በየጊዜው በጅምላ የምትወስደው እሷ ነበረች፤ ከእሷ ሌላ እንዲያ አድርጎ የሚወስድልን አልነበረም። ደሜ ፈላ። ያኔውኑ እኛም የራሳችንን ማስታወቂያ እናወጣለን ብዬ ወሰንኩና ከጉብታው ሳልወርድ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ በቃሌ አለ፦ «እጅግ ማራኪና ዘመናዊ የሸክላ ድስት! ጥራቱ የተረጋገጠ! ካሉበት እናደርሳለን! ፈጥነው ይደውሉ!» ሳምንት ጠበቅሁ። የደወለ የለም።

በሳምንቱ እናቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ጭቃ ስታሽ አነበብኩላት። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። ሥራዋን ሳታቋርጥ አዳመጠችና መጠየቅ ጀመረች።

«ጥራቱን ያረጋገጠው ማነው?»

«እንዲሁ ነው የሚባል እምየ።»

«ካሉበት እናደርሳለን ያልሽው፣ ሐረር ነኝ ቢልሽስ? በምን ልትወስጅለት ነው?»

ቀጥሎ የመጣው ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ።

«ማን ሠራው ይላል ታዲያ?»

ማን ሠራው አይልም ነበር። ነጋዴዋን ሌባ ብዬ ተነሥቼ፣ እኔም እንደ እሷው ደብቄያት ነበር። የክፍል ጓደኞቼ ያዩታል ብዬ ነው። ለሦስት ዓመት በትምህርት ቤት እናትሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝ «ነጋዴ ናት» እያልኩ ነው ያለፍኩት። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ፊቴን አይታ ግን ተረድታኛለች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ «በይ ጣፊ፣ እኔ እነግርሻለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ገበያ ላይ ለገዢ እንደምትናገረው ተናገረች፣ እኔም ጻፍኩ። ስሟን እዚህ አልጠራልሽም፤ ማስታወቂያው ላይ አለ። እንዲህ ይል ነበር፦

«የሽሮና የወጥ ድስት። የሠራችው እገሊት ናት። ሸክላ ሠሪ ናት፣ እናቷም ሸክላ ሠሪ ነበረች። ለአምስት ሰው ወጥ ይበቃል። በአንድ በኩል እሳት የላሰው ጥቁር አለበት፤ ወጥ አያበላሽም። ሳይሟሽ እሳት ላይ አይጣድም። ከአፉ ሥር የአውራ ጣት ምልክት አለው፤ ምልክቱ የሌለበት የእሷ አይደለም። ዘወትር አርብ በአርብ ገበያ፣ ከአህያ ማሰሪያው አጠገብ ትገኛለች። ከዚያ ውጪ እስከ ንፋስ መውጫ በመኪና እንልካለን፤ ከዚያ ወዲያ አንችልም።»

«እምየ፣ ጥቁሩን ለምን እንናገራለን?» አልኳት።

«ገዢዋ መጥታ ከምታየው እኔው ብነግራት አይሻልም?»

ሸክላ ሠሪ የሚለውንም እንተወው አልኳት። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። እሷም ቀስ ብላ መለሰችልኝ፦ «ድስቴን ወድዶ እኔን መደበቅ? አይዶለም ልጄ። የምትጸየፈኝ አትደውል።»

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ድስት የሚገዛ ሰው ሳያንኳኳ አይገዛም፤ ጤነኛው ጥን ይላል፣ ስንጥቅ ያለበት ጣቅ ብሎ ይቀራል። በስልክ የሚገዛ ሰው በምን ያንኳኳል? በማግስቱ አርብ ስለነበር ድምፁን ልቅዳ ብዬ ስልኬን ይዤ ገበያ ወረድኩ። እናቴ ድስቱን ግራ እጇ ላይ አስቀመጠች፣ «ስሙት» አለች፣ ሦስት ጊዜ አንኳኳች። ሦስተኛውን ስታንኳኳ ከኋላዋ አንድ አህያ ጮኸ። እንደገና እንቅዳው ብላት፣ «ተይው፣ ያለንበትን ይወቁት» ብላ ሳቀች። ሣቋም ገብቷል።

ጉብታው ላይ አብራኝ ወጣች። ማስታወቂያው ከነድምፁ ሲለጠፍ ማየት ፈልጋ ነበር። ስሜ የቱ ነው አለችኝ፤ አሳየኋት። በአውራ ጣቷ ነካችው። ስልኩ ዝም አለ። የአሸዋና የእሳት ብዛት ጣቷን ስላደረቀው ነው መሰለኝ፣ ደጋግማ ብትነካውም አልታዘዛት አለ። «እኔን አያውቀኝም?» አለች እየሳቀች። ጣቷን ግን ቶሎ አላነሣችም፤ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ስሟ ላይ አስቀምጣው ቆየች።

በሦስተኛው አርብ ነጋዴዋ በባጃጅ መጣች። ሽቶዋ ከአህያው ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አልተቀመጠችም። ደንበኞቿ ማስታወቂያውን አንብበው ኖሮ፣ ከእሷ በገዙት ድስት አፍ ሥር ምልክቱን እየፈለጉ፣ የከተማ ባለሙያ ያልሽን የማንን ነው እያሉ ፊት ለፊት ይጠይቋት ጀምረዋል። «ገበያዬን አበላሸሽብኝ» አለቻት እናቴን። ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች፦ ስምሽንና ሸክላ ሠሪ የሚለውን አጥፊው፣ ምልክቱንም ተዪው፤ አለዚያ ከዛሬ ወዲያ አንድ ድስት አልወስድልሽም።

ክረምቱ ደርሶ ነበር። ዝናብ ከገባ ጭቃ አይደርቅም፣ ሸክላ አይተኮስም፤ ክረምቱን የምንኖረው በበጋ በተሸጠው ነው። የዚያን በጋ ሥራ ደግሞ ገና ቤታችን ተቆልሎ ነበር። ልቤ አጥፊው አጥፊው አለኝ፤ ስልኩ በእጄ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እናቴ ያችን ነጋዴ በዕድሜ ትበልጣታለች፤ ግን ዘመኗን ሁሉ እርስዎ ስትላት፣ እሷ ደግሞ አንቺ ስትላት ነው የማውቀው። ያን ቀን እናቴ ብድግ አለች፣ ገለባውን ከቀሚሷ አራገፈች።

«አልወስድም ካልሽ ተዪው። ድስቱን ሸጨልሻለሁ፣ ስሜን መቼ ሸጥኩልሽ?»

ሴትየዋ ዙሪያዋን አየች። ሽምብራ ሻጯም፣ አህያ ጠባቂውም ቀና ብለው ይመለከቷት ነበር። ባጃጇን አስነሥታ ሄደች። እናቴ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ፣ ሰው እየሰማኝ፣ «እምየ፣ ድስቱን እንሸፍነው? ሊዘንብ ነው» አልኳት። እዚያ ገበያ ላይ እምየ ብዬ ስጠራት የዚያን ቀን መጀመሪያዬ ነበር።

ዘነበም። ሁለት ሳምንት ስልኬ ዝም አለ። የምንተኛበት መደብ ዙሪያ ድስት ብቻ ሆነ፤ በእንቅልፍ ልቤ ስገላበጥ ክርኔ ይነካቸዋል፣ ጥን ይላሉ። እናቴ ስለ ነጋዴዋ አንድም ቀን አላነሣችም። እኔ ግን በየቀኑ በዝናብ ጉብታው ላይ እወጣ ነበር፤ ልብሴ በስብሶ ስመለስ፣ ደወሉ ወይ ብላ አትጠይቀኝም፣ እሳት ዳር ቦታ ትለቅልኛለች እንጂ።

መጀመሪያ የደወለችው ደብረ ታቦር የምታስተምር መምህርት ነበረች። «ስሟን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ?» ብላ ጀመረች። ስድስት ድስት ፈለገች። ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ «አንዷ እሳት የላሳት ትሁንልኝ፣ ለራሴ ነው» አለች። እየሮጥኩ ወርጄ ለእናቴ ነገርኳት። ወደ ጥግ ሄዳ ጥቁር ያለባትን መምረጥ ጀመረች፣ እየመረጠችም እንባዋ ይወርድ ነበር። በማዳበሪያ፣ በገለባ አሽገን እስከ ንፋስ መውጫ ሰደድንላት፤ ከዚያ ወዲያ እሷ አስወሰደቻቸው። አንዷም አልተሰበረችም። መምህርቷ ለጓደኞቿ ነገረች፣ እነሱም ደወሉ፤ ነጋዴ አልፈለግንም ከዚያ ወዲያ። ደግሞ ልብ በይ፣ በዓመቱ ያች ነጋዴ ከሌላ ሰፈር በምታመጣቸው ድስቶች ላይ የአውራ ጣት ምልክት ታስደርግ ጀመር። ለእናቴ ብነግራት፣ «ምልክቱ ድስቷን ጥን አያሰኝላት» ብላ ሳቀች።

እናቴ ካረፈች ሁለት ክረምት አልፏል። ዛሬ ሥራ የሚሰጠኝ ሰው ሁሉ ከእኔ የሚሰማው ምክር ይሄው የእሷ ነው፦ ማን እንደሠራው ተናገር፣ ጉድለቱን ቀድመህ ተናገር፣ የማትችለውን አልችልም በል። አንድ የራሴን እጨምርበታለሁ፦ ዕቃው ባለቀ ቀን ማስታወቂያውን አንሣ፣ ሰው በከንቱ አታስደውል። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

የእሷ ማስታወቂያ ግን አሁንም አለ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ደውሎ ድስቱ አለ ወይ አለኝ። የለም፣ ሠሪዋ አርፋለች አልኩት። ነፍስ ይማር አለና፣ «ታዲያ ማስታወቂያውን ለምን አታነሡትም?» አለኝ። ልክ ነው። እኔም ብሆን የምለው ይህንኑ ነው።

«አላነሣውም» አልኩት።

ትናንት ከገበያ ገብቼ ሽንኩርቴን እንኳ ሳላስቀምጥ ማስታወቂያዋን ከፈትኩት። እናቴ «ስሙት» አለች። ሦስት ጊዜ አንኳኳች፣ አህያው ጮኸ፣ ሳቀች። ጥን ይላል። አሁንም ጤነኛ ነው።