የአግራ መስጊድ በፍሌሚንግስቤሪ ምድር ቤት

አርብ ማለዳ፣ ሶደርማልም፣ ስቶክሆልም

ግንቦት፣ 1996 እ.ኤ.አ.። ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ ብል ማን ይደነቃል? እዚህ አገር በግንቦት ጎህ የሚቀደው ሰው ሳይተኛ ነው። ካሜራዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። የምሄደው ሕንድ ሳይሆን ከከተማው በስተደቡብ ያለው ፍሌሚንግስቤሪ ነው፤ ጋሽ ሰይድ በስልክ እንዳሉኝ ከሆነ ግን ልዩነት የለውም።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው ሊኖሊየም የሚባለውን የወለል ልባስ ማንጠፍ ነው። አምና ሕንድ፣ አግራ ሄደው አንድ ትንሽ የሞጉል ነገሥታት ዘመን የእምነበረድ መስጊድ አይተው ተመለሱ። ከዚያ የሰፈሩ ሙስሊሞች የተከራዩትን ምድር ቤት እሱን ላስመስል ብለው ብርዱን ሙሉ እዚያ ከረሙ። የመስጊዱ ኮሚቴ «ነጭ ቀለም ይበቃል» ብሎ ነበር። ዛሬ የመጀመሪያው ጁምዓ ይሰገድበታል። የጋሽ ሰይድ ምኞት አንድ ነው፤ ሰዉ በሠሩት ሚሕራብ፣ የመካን አቅጣጫ በሚያሳየው የግድግዳ ቅስት ፊት ሲሰግድ ማየት። እኔ ይህንኑ ለኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ጋዜጣ እጽፋለሁ።

ፔንደልቶግ ባቡር ውስጥ

ተሳፋሪው ሁሉ ጎኑ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳውን አስቀምጧል። ቦርሳዎቹ ደክሟቸው ይሆናል ብዬ ቆሜ ሄድኩ። ወደ ደቡብ ስንከንፍ ፀሐይ በግራ በኩል ዓይኔን ትወጋኛለች።

ፍሌሚንግስቤሪ

ጣሪያው ጠፍጣፋ ስለሆነ የአግራው መስጊድ ሦስት ጉልላቶች በቀለም ተሥለዋል። የማሞቂያው ቧንቧዎች ወርቅ ተቀብተው ሚናራ ሆነዋል። ሞጉሎቹ እምነበረድ ፈልፍለው ባለቀለም ድንጋይ በአበባ ቅርጽ ይሰኩ ነበር፤ ጋሽ ሰይድ ደግሞ ከሆስፒታል ወለል የተረፈ ሊኖሊየም ሰክተዋል። ቅጠሉ የቀዶ ጥገና ክፍል አረንጓዴ ነው። ለማሾፍ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሚሕራቡ ጋ ስደርስ ግን ካሜራዬን አነሣሁ። ቅስቱ፣ አበባው፣ ሐረጉ ከምር ያምራል።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይኼ ግድግዳ በየት በኩል ነው?»

«በፀሐይ መጥለቂያ ነዋ! አግራም እንደዚሁ ነው። አንድ ነገር አላጎደልኩም።»

አላጎደሉም። አግራ ከመካ በስተምሥራቅ ስለሆነች እዚያ ወደ ምዕራብ ይሰገዳል። ከስቶክሆልም ግን መካ በደቡብ ምሥራቅ ናት። የጋሽ ሰይድ ሚሕራብ የሚያሳየው ኖርዌይን ነው።

እኔ የካሜራዬን መስታወት መጥረግ ጀመርኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ግን ምንጣፍ ይዘው ገብተው ዙሪያውን ቃኙ።

«አንተ ሰውዬ፣ ፎቅ ላይ ቤታችን ስትሰግድ ወደ ባልኮኑ አይደለም እንዴ? ባልኮኑ እኮ በትቬትስቱጋው በኩል ነው!» ብለው ጥግ ላይ ያለውን ግራጫውን የልብስ ማጠቢያ ቤት በር አሳዩ።

ጋሽ ሰይድ ቁጭ አሉ። አንጀቴን በሉት።

«በነጭ ይቀባ» አሉ። «ኮሚቴው ደስ ይበለው።»

ከቀትር በኋላ

ምንጣፉ በሰያፍ ተነጠፈና ሁላችንም ወደ ማጠቢያ ቤቱ በር ዞረን ሰገድን። ከበሩ ጀርባ የአንድ ጎረቤት ካልሲ ይሽከረከራል። ጋሽ ሰይድ ዳር ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። መጨረሻ ላይ ስግደቱን ለመዝጋት ስናሰላምት ፊታችንን መጀመሪያ ወደ ቀኝ አዞርን፤ ሚሕራቡ እዚያ ነበር። ወትሮ ቶሎ ወደ ግራ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ቀኙ ላይ ቆየ። የኮሚቴው ሊቀመንበርማ ጭራሽ መመለሱን ረሳ።

ስንወጣ ሊቀመንበሩ ሚሕራቡ ሥር የተቀመጠውን የነጭ ቀለም ባልዲ አነሣ።

«ይኼ ለማጠቢያ ቤቱ በር ይሁን» አለ።

«ነጭ ብቻ?» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ቀና ብለው።