በርበሬ በጥር

ፍኖተ ሰላም ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን ከሰዓት የደከመኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። ተማሪዎቼን ስለ አካባቢያቸው እርሻ ጻፉ ብያቸው፣ ሁሉም ስልካቸው ላይ ያለው ኤአይ ያቀበላቸውን ገልብጠው መጡ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማረም ሰው የሌለበትን ቤት እንደ ማንኳኳት ነው።

አንዷ የማንኩሳ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ በርበሬ ያመርታሉ። ጽሑፏ ግን የበርበሬ ችግኝ ማሳ ላይ የሚተከለው በጥር ነው ይላል።

"በጥር ተክላችሁ ታውቃላችሁ?" አልኋት።

"ኧረ በጭራሽ!"

"ታዲያ ለምን ጻፍሽው?"

"አዋቂ ሲናገር እንዴት ብዬ እመልሳለሁ?"

ንድድ አለኝ። ሰሌዳው ላይ "ጥር" ብዬ ጻፍኩና ሰርዤ "መስከረም" አልኩበት። "ስልክ እኮ ሽማግሌ አይደለም! የማያውቀውንም እንደሚያውቅ ሆኖ ያወራል። ከየት አመጣኸው በሉት፤ ተከራከሩት፤ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ" እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ለፈለፍኩ። እንደ ሁልጊዜው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

ተደውሎ ሲወጡ ልጅቷ ወደ ኋላ ቀረች። መሬት መሬት እያየች፣ "መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኛ የምንተክለው በሐምሌ ነው" አለችኝ።

ዞሬ ሰሌዳውን አየሁት። እኔ ባደግኩበት አገር በርበሬ አይተከልም፤ መስከረምን ያመጣሁት ከራሴ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ገልብጦት ሄዷል።

"ታዲያ ቅድም ለምን አልነገርሽኝም?"

ቀና ብላ በመገረም አየችኝ።

"እርስዎን?" አለች።