የድሬሰር ጎበዜ ጆሮና ሁለቱ ሳጥኖች

የሃምሳ ስምንት ክረምት የመርሐቤቴዋን ዓለም ከተማ ከአገር ቆርጦ ለብቻዋ አስቀምጧት ነበር። የጀማ ወንዝ ሞላ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ አውቶብስ ቀረ። ያ ክረምት ሲነሳ ትዝ የሚለው ብርዱ አይደለም፤ የቆርቆሮው ጫጫታ ነው። ዝናቡ ከተነሳ ሰው ከሰው አፍና ጆሮ ገጥሞ ካልሆነ በቀር አይነጋገርም። ሁሉም ቤቱ ተከትቶ፣ ለብርድ ልብስ የተሰጠ ሰው ይመስል፣ ማንም እንዳይፈልገው ማንንም ሳይፈልግ ይከርማል። አይ ጊዜ፤ ዛሬ ቢሆን ማን እንደዚያ ያርፋል።

ጎበዜ ፈንታ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር። አገሬው «ዶክተር» ይለዋል። መጀመሪያ ላይ «ኧረ አይደለሁም» እያለ ይመልስ ነበር፣ ኋላ ደከመውና ተወው። ትውልዱ መንዝ፣ ቀየት ነው። ያቺን ቀንድ የመሰለች የእንጨት ማዳመጫ እርጉዝ ሆድ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የፅንሱን ልብ ሲያዳምጥ፣ ሴቶቹ ወሬውን ከፊቱ ላይ ነበር የሚያነቡት። ፈገግ ካለ ልጁ ደህና ነው። እሱ ሳይናገር እነሱ እልል ይላሉ።

ክረምቱ ሳይገባ፣ የድሮ አለቃው ጋሼ ዓምደ ሚካኤል ከደብረ ብርሃን ሁለት እስፒከር ሰደዱለት። አዲስ ስለገዙ አሮጌዎቹን ለሱ መርቀውለት ነው። ጎበዜ እነዚያን እስፒከሮች በሳቸው ቤት ሰምቷቸው ያውቃል፤ የዘፈን ሸክላ ሲጫወትባቸው ቤቱ እስከ ማገሩ ይሞላ ነበር። ዙሪያቸውን ድፍን የሆኑ ከባድ ሳጥኖች ናቸው፤ ከአውቶብሱ ጣሪያ ያወረዷቸው ሰዎች «ድንጋይ ነው እንዴ የጫኑት» አሉ። የሸክላውን ማጫወቻና ማጉያውን ደግሞ ራሱ ከፒያሳ መርጦ ገዛ። የሸክላው ድምፅ ቀጭን ነው፣ አበርትቶ ወደ እስፒከሩ የሚልከው ማጉያው ነው። ዓለም ከተማ መብራት ስለሌለ በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ ባትሪም የማይጨርስ ብሎ ከሁሉ ትንሿን መረጠ።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። ገጣጥሞ ቢከፍተው ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። የድምፁን ቁልፍ ግማሽ ድረስ አዞረ፤ ያው ነው። እስከ ዳር ሲያደርሰው መሰማቱንስ ተሰማ፣ ግን ሻከረ። ቆርቆሮው ነው አለ፤ ዝናቡ ያልፋል።

ዝናቡ አለፈ። መስከረም ጠባ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ሸክላው ግን ከክረምቱ አልተሻለም።

ሚስቱን ጠየቃት። አሰጋሽ በዕድሜዋ ሸክላ ሰምታ አታውቅም፣ «ደህና ይሰማል እኮ» አለችው። ጠጅ ቤት ያላቸው ጎረቤቱ እትዬ ወለተኪዳን እንዲያውም አመሰገኑለት።

«ጨዋ ዕቃ ነው የገዙት፣ ዶክተር። የኔ ራዲዮ ሳይሞት በፊት እንደ ሰካራም ነበር የሚጮህብኝ። ይኸ ግን ሰው ቤት መሆኑን ያውቃል።»

ጠጅ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። ለሁሉም ይሰማል ማለት ነው። የማይሰማው ለሱ ብቻ ነው።

አባቱ አቶ ፈንታ ገና በጎልማሳነታቸው ነበር የደነቆሩት። ቀየት ገበያ ላይ የበግ ዋጋ ሲጠየቁ ስለ ገብስ ይመልሱ ነበር። ሰው ሲስቅ፣ የተሳቀው በማን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ይስቃሉ። ጎበዜን ከመደንቆሩ ይልቅ ያ አብሮ መሳቅ ነበር የሚያስፈራው። በዚያ ላይ ጀማ በረሃ ወርዶ ሲሠራ ወባ ይዞት ኪኒን ሲውጥ ከርሟል። የወባ ኪኒን ጆሮን እንደሚጎዳ ለበሽተኛ የሚነግረው ራሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉ ነገር ምስክር ሆነበት። አሰጋሽ ከጓዳ ስትጠራው በሐሳብ ተይዞ ካልመለሰ፣ ይኸው ይላል። ማዳመጫውን አስደግፎ የሰማውን አላምን አለ፤ ደግሞ ያዳምጣል፣ ደግሞ። ፈገግታው ቀረ። ፊቱን የሚያነቡት ሴቶች ተሸበሩ፤ አንዲቱማ ልጄ ሞቷል ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እያለቀሰች ወጣች። ልጇ ደህና ነበር። ያን ዕለት ጎበዜ፣ የሰው ነፍስ በማይታመን ጆሮ አይያዝም ብሎ፣ የገና በዓል ሲያልፍ ሥራውን ሊለቅ ቆረጠ። ለአሰጋሽም አልነገራት።

ኅዳር ላይ ጋሼ ዓምደ ሚካኤል የፈንጣጣ ክትባቱን ሊያዩ መጡና እሱ ቤት አረፉ። ራት እስኪቀርብ ጎበዜ ሸክላ አስቀመጠ፣ ቁልፉንም እንደለመደው እስከ ዳር አዞረ። እንግዳው አንገታቸውን ወደ ሳጥኖቹ አስግገው አዳመጡ።

«ምነው እንዲህ ያንሾካሹካል?»

«ምን አሉ፣ ጋሼ?»

«አይሰማኝም ነው የምልህ። ሻካራውን እሰማለሁ፣ ዘፈኑ የለም።»

«እርስዎም አይሰማዎትም?»

«ይኸን ማን ይሰማዋል?»

አሰጋሽ ሌማቱን ይዛ ስትገባ ባሏ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተቀምጧል። ከቀየት መርዶ የመጣ መስሏት ባለችበት ቆመች።

ጋሼ ዓምደ ሚካኤል የጎበዜ ጭንቀት አልገባቸውም። ማጉያዋን አገላብጠው አዩና ሳቁ። «እነዚህ ሳጥኖች ድፍን ስለሆኑ ብዙ ኃይል ካልመገብካቸው አይናገሩም። እኔ ቤት የነበረው ማጉያ የዚችን አሥር እጥፍ ነው። ጥጃ ጠምደህ ልታርስ ነው የተነሳኸው። ደግሞ ተጠንቀቅ፣ ሰው ኃይለኛውን ማጉያ ይፈራል እንጂ፣ ትንሿም እንዲህ ጉልበቷ አልቆ ስትንተባተብ እስፒከር ታቃጥላለች።»

ጎበዜ ማመኑን ቢወድም ፈራ። ሰውየው አርጅተዋል፤ የሳቸውም ጆሮ ደክሞ ቢሆንስ? በማግስቱ ለሙከራ የእትዬ ወለተኪዳን የሞተ ራዲዮ ተለመነና እስፒከሩን ከሆዱ አወጡት። ሳህን የምታህል፣ ወረቀቷ የሳሳ፣ በትንፋሽ የምትነቃነቅ ቀላል ነገር ናት። ከትንሿ ማጉያ ጋር አገናኟት። ጎበዜ ቁልፉን ሩብ እንኳ ሳያደርስ ቤቱ ሞላ፤ ዘፈኑ ከነቃሉ፣ ከነእስትንፋሱ መጣ። እትዬ ወለተኪዳን ከደጅ ብቅ አሉ።

«ኧረ ቀንሱልኝ፣ ጠጪዎቼ ብርሌ እንደያዙ ወደናንተ እየመጡብኝ ነው።»

ጎበዜ ሳቀ። በምን እንደሳቀ ያውቃል፤ ቀድሞም የሳቀው እሱ ነው።

ያን ጊዜ ነው ለአሰጋሽ ሁሉን ያወጣላት፣ ሥራውን ሊለቅ ማሰቡን ሳይቀር። እሷም ሌማቱ አጠገብ ቁጭ አለችና ረጅም ተነፈሰች።

«እኔ ደግሞ ስጠራህ ዝም የምትለኝ ሌላ ሴት የያዝክ መስሎኝ ነበር» አለችው። «ለማርያም ተስያለሁ፤ አሁን ምን ብዬ ነው የማስገባው?»

«ጆሮው ተገኘ በያት።»

ሥራውን አልለቀቀም። ከባዶቹን ሳጥኖች ጋሼ ዓምደ ሚካኤል ሲመለሱ ይዘዋቸው ሄዱ፤ ትንሿ እስፒከር ጎበዜ በሠራላት የጥድ ሳጥን ገብታ እዚያው ቤት ቀረች። መርሐቤቴ ላይ ዓመታት ካገለገለ በኋላ ወደ መሐል ሜዳ ተዛወረ። መጨረሻ የተሰማው ወሬ፣ ጡረታ ወጥቶ ከአሰጋሽ ጋር ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ እንደሚኖር ነው።