የምንጩ ታሪክ መጨረሻ

ነፍሱን ይማረውና፣ ታላቅ ወንድሜን ሰፈርተኛው «ጆሮ» ነበር የሚለው። የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፤ ግን ከመጻፉ ማዳመጡ ይበልጣል። አንድ ሽማግሌ ታመሙ ከተባለ ደብተሩን ይዞ ከሐኪሙ ቀድሞ ይደርሳል። «ጆሮ መጣ? እንግዲያው አልተርፍም ማለት ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። የሰማውን ሁሉ፣ የሰፈራችንን ድልድይ ማን እንደረገመው ሳይቀር፣ በመጨረሻው ገጽ ያወጣዋል።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ማንበብ ግን አያቅተኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ገጽ ለእማዬ አነብላት ነበር። እሷ መስኮቱ ስር ልብስ እየጣፈች ትሰማኛለች። አንዳንዱን ሦስት ጊዜ ታስደግመኛለች።

እማዬም የራሷ ታሪክ ነበራት፤ የሰፈራችንን ምንጭ ያወጣችው ሴት ታሪክ። ከአያቷ የሰማችው ነው፤ ከእሷ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

«የኔንስ መቼ ነው የምትጽፈው?» ትለዋለች።

«አንቺማ ቤት ነሽ፣ የት ትሄጂብኛለሽ እማዬ? ሊሞቱ የደረሱትን ላስቀድም።»

«እንግዲህ ልታመምልሃ» ብላ ትስቃለች።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። ዓመታት እንዲሁ ሄዱ። አንድ ቀን እማዬ የወንድሜ ስም ጠፋባት። በማግስቱ ሥራውን ጥሎ፣ አዲስ ደብተር ይዞ መጣና እግሯ ሥር ቁጭ አለ።

«በይ እማዬ፣ ዛሬ ተራው ያንቺ ነው።»

ደስ አላት። ፀጉሯን ዳበስ ዳበስ አድርጋ ጀመረች። ሁለት ገጽ ያህል ከጻፈ በኋላ እስክሪብቶው ቆመ። እኔም ገባኝ። የምታወራው ስለ ድልድዩ ነበር። ከድልድዩም ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ሄደች፤ ሁሉም እሱ ያወጣው፣ እኔ ያነበብኩላት። የሰው ታሪክ የሷን ውጦት ኖሯል።

«ምንጩስ እማዬ?»

«የምን ምንጭ? ጻፍ እንጂ ልጄ።»

ጻፈ። የምትነግረውን፣ ቀድሞ የሚያውቀውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ጻፈላት።

ደጅ ስንወጣ፣ «የምንጩን አንቺ ታውቂዋለሽ አይደል? ፀጉርሽን ስትሠራሽ ትነግርሽ ነበር» አለኝ።

«ሰው እየሳቀባት ቋጥኙን ለብቻዋ ስትቆፍር...»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጭኗ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፣ ወንድም ጋሼ።»

«እኔንም» አለ።

በዚያ ሳምንት እስከ ቋጥኙ ያለውን አወጣው፤ ከሥሩ ያለውን ቦታ ባዶ ተወው። ቅዳሜ እንደ ወትሮው አነበብኩላት። መርፌዋን አቁማ ሰማችኝ።

«ደስ ይላል» አለችኝ። «መጨረሻውስ?»