ለለቅሶዬ ፎቶ ፍለጋ፣ እስከ ባቱ

ቅዳሜ ንጋት፣ አዳማ

ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስን። ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሜሮን ናት፤ ፎቶ ማንሳት ነው የምትማረው። ሰው የሌለበት፣ የመሬት ስንጥቅ፣ የዛፍ ቅርፊት፣ እንደዛ ያለ ነገር አንስታ ኤግዚቢሽን ልታቀርብ ነው አሉ።

እኔ ደግሞ የራሴ ጉዳይ አለኝ። ባለፈው ጎረቤታችን ሲሞቱ ሌላ ፎቶ ጠፍቶ፣ ቤተሰቦቻቸው የመታወቂያቸውን በትልቁ አሳጥበው ለቅሶው ላይ ያዙ። ግማሽ ፊታቸው ማህተም! ደረታችንን የመታነው ለማህተሙ ነው የሚመስለው። እኔ መታወቂያዬ ላይ ዶሮ ሰርቃ የተያዘች ነው የምመስለው። ለለቅሶዬ የሚያዝ፣ ደህና አድርጎ የሚያሳየኝ አንድ ፎቶ እፈልጋለሁ።

"ባቱ ላይ ሐይቁን ከኋላሽ አድርጌ አነሳሻለሁ" አለችኝ ሜሮን። አዲሱን ቀሚሴን ለበስኩ። ሚኒባሱ ውስጥ እንዳይጨማደድ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ረዳቱ፣ "እናቴ፣ ሰርግ አለ እንዴ?" አለኝ።

"የራሴ ለቅሶ ነው" አልኩት። ሂሳብ ሳይጠይቀኝ አለፈ።

ረፋድ፣ ቆቃ

መንገዱ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ተከምሯል። ከሚኒባሱ ወርደን ወደ ውሃው ሄድን። ውሃው የሸሸበት ጭቃ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ጫፍ ጫፉ ተቀልብሷል። ሜሮን ልታነሳው በሆዷ ተኛችበት። በዛ በነጭ ሱሪ!

አንድ ገበሬ እየሮጠ መጥቶ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ። "አካም ጅርቱ አዴ? መሬቱ ላይ ምን ተገኘ?"

"ምንም። ስንጥቁን ነው የምታነሳው።"

"ለስንጥቅ ከአዳማ ድረስ? ኢንቨስተር ናት በሉኛ!"

ወንድሙም ደረሰ። "የኔ ማሳ ከዚህ የባሰ ተሰነጣጥቋል! እጅ ያስገባል! እሱን ለምን አታነሳም?" ብሎ ተቆጣ። ምን ይደረግ፣ ሄደን የሱንም አነሳን። አመስግኖ ሲያበቃ ጠጋ ብሎ፣ "ካሳው መቼ ነው?" አለኝ።

ከሰዓት፣ ባቱ

በጋሪ ሐይቁ ዳር ደረስን። የተጠበሰ አሳ በዳጣ ቀረበልን። ቀሚሴ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፈርቼ ግማሹን ለባለጋሪው ሰጠሁት። እሷ የአሳውን ቅርፊት አነሳች፤ የግራር ልጣጭ አነሳች፤ የአባ ኮዳ ላባ አነሳች። አባ ኮዳ እንኳን ተራ ደረሰው፣ ያ መላጣ ወፍ!

በመጨረሻ ባለጋሪው፣ "እህቴ፣ እናታችን ቆመው ደረቁ እኮ፤ አንሻቸው እንጂ!" አላት።

ዞር ስትል ካሜራው ቀይ ያበራል። "እማማ፣ ባትሪው ለአንድ ብቻ ነው የቀረው!"

አገጬን ቀና አደረግኩ። መጣች፣ መጣች፣ ትንፋሿ እስኪሰማኝ ተጠጋች። ቀጭ! ካሜራው ጠፋ።

ማታ፣ ቤት

ፎቶው ተከፈተ። ሐይቅ የለ፣ ቀሚስ የለ፣ አይን እንኳን የለ። ጉንጬ ብቻ! መስመር በመስመር!

"እማማ፣ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ሆነብኝ" ትለኛለች።

"ለቅሶዬ ላይ ጉንጭ ይዘው ሊዞሩ ነው?" አኩርፌ ራቴን ተውኩ።

በዚህ መሀል መናኸሪያ በር ላይ አብራኝ ሳምቡሳ ስትሸጥ የኖረችው አስካለ መጣች። ሜሮን ምን እንደሆነ ሳትነግራት ፎቶዎቹን አሳየቻት። የቆቃውን ጭቃ "ድርቆሽ ነው" አለች፤ የግራሩን "የአዞ ጀርባ"። የመጨረሻው ላይ ግን አይኗን አጥብባ፣ "ውይ! ይቺማ አንቺ ነሽ!" ብላ ጮኸች። "ይቺ ጠባሳ ዘይቱ የፈነጠቀብሽ አይደለች?"

ጠባሳዬን ዳበስኩ። ከዛ ራቴን አስመጣሁ።

"በትልቁ አሳጥቢው" አልኳት ሜሮንን። "በሱ ያወቀኝ ያልቅስ፤ ያላወቀኝ ንፍሮውን በልቶ ይሂድ።"